ጫካ የቀረችው እልፍ

«ግርማ ሞገስ አሥራ ሰባት! ከስንት ነው ደግሞ?» አለች እናቴ፣ ወረቀቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። ዕድሜውን ግብርና ቢሮ ሪፖርት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ቁጥር ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። «ከሃያ ይሆናል» አላት።

«ከሃያ! ልጄን እንደ ፈተና ወረቀት አረማት በለኛ! ጉልበት ስድስት ይላል ደግሞ። ከቧንቧ ውኃ የምታመላልሰው በጎረቤት ጉልበት ነው?»

እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆሜ ነበር። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ጉልበት ስድስት የተባለው እውነት ነው አልኩ በሆዴ። ወረቀቱ የኔ ነው። ግርማ ሞገሱም፣ ጉልበቱም፣ ከሥር የተጻፈው ነገር ሁሉ የኔ ነው።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። አገሩ ቦንጋ፣ ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ወር የቀረው የ1999 ክረምት። ትምህርት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ እኔ ደግሞ ሰው መሆኔን ትቼ እልፍ ሆኛለሁ። እንዴት እንደሆንኩ ልንገራችሁ፤ ብትስቁም ግድ የለኝም።

መናኸሪያው አጠገብ የጋሽ ከሚል ሱቅ አለ። ጋሽ ከሚል ከስልጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ሃያ ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው። ትንሿ ልጃቸው ለምያ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ትልቁ ልጃቸው ሚፍታህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጨርሶ ለእረፍት መጥቷል። ሚፍታህ ጫካችንን ሊያጠኑ ለመጡ ፈረንጆች ጥቂት ሳምንት ሲያስተረጉም ከርሞ ነበር። ዝናብ ድንኳን ውስጥ ሲያግታቸው አንደኛው ፈረንጅ አንድ ጨዋታ አስተማረውና ሲሄድ ወፍራም መጽሐፍና ሃያ ፊት ያለው ጠጠር ትቶለት ሄደ።

ጨዋታው በአፍ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ፍጡር ይሆናል። ሚፍታህ «ወንዝ ደረሳችሁ፤ ድልድዩ ተሰብሯል፤ ከማዶ ሽፍታ አለ። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እኛ እንመልሳለን። መሳካት አለመሳካቱን ጠጠሩ ይወስናል። ቅዳሜ ከሰዓት ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን፣ በጨው ጆንያና በሳሙና ካርቶን መሃል እንቀመጣለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ ለመሰማማት እንጮኻለን። እስካሁን የሳሙና ሽታ ሲሸተኝ አንድ ቦታ ሽፍታ የተደበቀ ይመስለኛል።

ብቻዬን አልሄድም። እናቴ «ሠናይት ትውሰድሽ፣ ሠናይት ትመልስሽ» ብላለች። ሠናይት እህቴ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በመስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው። መጋዘኑ ጥግ አንድ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች። ምስኪን፣ በኔ ምክንያት ቅዳሜዋን አጣች እያልኩ አዝንላት ነበር። የክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ሠርታ ያ ዳንቴል ከመዳፍ አለመብለጡን ልብ ያልኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሚፍታህ ምን መሆን እንደምንፈልግ ጠየቀን። ለምያ ሳታስብ «ተዋጊ!» አለች። ለኔ መጽሐፉን ገልጦ አንድ ሥዕል አሳየኝ። ጆሮዋ ሹል፣ ፊቷ ረጋ ያለ፣ ዛፍ ተደግፋ የቆመች ሴት።

«ይቺ ኤልፍ ናት» አለኝ።

የፈረንጅ ተረት የጫካ ፍጡር መሆኗን ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን እልፍ ብዬ ሰማሁ። ምን ላድርግ? ዝናቡ ይጮኻል፤ ደግሞ እልፍን አውቀዋለሁ። ቤተክርስቲያን ቄሱ ስለ መላእክት ሲናገሩ እልፍ አእላፋት ይላሉ፤ ዐሥር ሺህ ጊዜ ዐሥር ሺህ ማለት ነው ብሎ አባቴ በጣቱ አስልቶ አስረድቶኛል። ይቺም ከእነሱ አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ሲያርጉ ጫካ የቀረች። ሚፍታህ «ብዙ ዘመን ትኖራለች፣ ጫካ ውስጥ ናት፣ ሥጋ ብዙም አትወድም» ሲለኝማ አበቃ። ጿሚ ናት፣ ባሕታዊ ናት፣ የኛ ሰው ናት!

«እሷ ነኝ» አልኩት። «ክህነት አላት አይደል?»

«ክህነት ከፈለግሽ ቄስ ትሆኛለሽ። በጸሎት ቁስል ትፈውሻለሽ። ጫካውን ከፈለግሽ ደግሞ የጫካ አዋቂ ትሆኛለሽ፤ ቅጠልና ሥር፣ አውሬ ማናገር፣ ዝናብ መጥራት። አንዱን ምረጪ።»

«ሁለቱንም።»

«አይደባለቅም፣ ወሰኔ። ሕጉ ነው።»

«እንዴ! ቤተክርስቲያን ያለ ዛፍ የት አይተሃል? ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ጫካ ሲገቡ ለትልቁ ዛፍ ሰላምታ ሰጥተው ነው፤ እሁድ ደግሞ ያስቀድሳሉ። ማን ከለከላቸው?»

ሚፍታህ ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ሳይሆን ወደ ጥጉ ዞሮ «ሠናይት፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ይደባለቃል?» አላት።

ሠናይት ከዳንቴሏ ቀና አላለችም። «ይደባለቅ ይሆናል» አለች። «ዋጋ ያስከፍላል እንጂ።»

«ያስከፍላል» አለ ሚፍታህም። መጽሐፉ እጁ ላይ እንደተገለጠ ቀረ፤ የእሷም ኪሮሽ ቆመ። እኔ ስለ እልፏ በጥልቀት እያሰቡ መስሎኝ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። በሕይወቴ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ አክብረው ነገሬን ሲያስቡልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሕግም ወጣልኝ። ጸሎትና ቅጠል ባንድ ላይ ስጠቀም ጠጠሩን ሁለቴ እጥላለሁ፤ ከሁለቱ ትንሹ ቁጥር ይያዝብኛል። ዋጋው እሱ ነው። የኔ እጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ስለሆነ ሚፍታህ ራሱ የእልፏን ኃይል ከሃያ እየሰጠ በዚያ ባማረ ጽሑፉ ጻፈልኝ፦

«እልፍ። ግርማ ሞገስ 17። ጉልበት 6። ጸሎትም ጫካም አላት። ሁለቱ አይደባለቁም የሚል ሕግ አለ፤ እኔ ግን ይደባለቃሉ እላለሁ። ዋጋ ያስከፍላል፤ ይከፈላል። ኃይሏን የምታድሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ከትልቁ የቀረሮ ዛፍ ሥር ነው፣ ማንም ሳያያት።»

ወረቀቱን አጥፌ እኔና ሠናይት ከምንተኛበት ፍራሽ ሥር ከተትኩት። እናቴ አንድ ቀን ብልጭ ያለች ፀሐይ አይታ ፍራሽ ላውጣ ስትል አገኘችው።

አሁን እናንተም ገባችሁ። እናቴ የጋሽ ከሚልን ልጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች፤ የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው። ያገኘችው ከትልቋ ልጇ ፍራሽ ሥር ነው። ጸሎት ያለው እኛን፣ ሕግ ያለው የሁለት ሃይማኖት ሰው እንዳይጋባ የሚከለክለውን፣ ቀረሮው ደግሞ የሚገናኙበትን ቦታ መሰላት። መጋረጃ ኋላ የቆምኩት እኔ ግን ይህን በምን ልወቅ?

«አንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት!» ትላለች። «የማይደባለቅ ደባልቃ!»

እውነቷን ነው፣ ደባልቄያለሁ።

«ቀስ በይ አሰለፈች፣ ጎረቤት ይሰማል» ይላል አባቴ።

«ትሂድ! ደካ ወንድሜ ጋ ትሂድና ትረፍ። ያ የቀበሌ ጸሐፊ በሱ በኩል ሲያስጠይቃት ስንት ጊዜው ነው። ስሟ ሳይጠፋ ትዳሯን ትያዝ።»

ደካ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። አጎቴ ቴሌቪዥን የለው፤ ሳቅ አይወድ፤ ውሻው ሰው ይነክሳል። አሁን ደግሞ ለካ የቀበሌ ጸሐፊ ሊያገባኝ ነው! በዐሥር ዓመቴ! የክህነት ነገር ሲደፈር ቅጣቱ እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ጓዳ ገብቼ፣ ጤፍ ጎታው ጀርባ ተወሽቄ አለቀስኩ።

ሠናይትም በዚያ ሳምንት ታለቅስ ነበር። ለኔ ነው ብዬ አቅፌ አባበልኳት። «አይዞሽ፣ እየመጣሽ ትጠይቂኛለሽ» አልኳት። አፍጥጣ አየችኝና የባሰ አለቀሰች። ትምህርቷ ሊቋረጥ፣ አይታው ለማታውቀው ሰው ልትዳር መሆኑን እኔ አላውቅም። እሷም ወረቀቱ የኔ ነው ብላ መናገር አልቻለችም፤ ስለ ወረቀቱ ከተናገረች የቅዳሜዎቹ ነገር ይከተላል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ቢሻው መጡ፤ የንስሐ አባታችን ናቸው። ጥቂት ቆይተው ጋሽ ከሚል ጃንጥላቸውን ደጅ አራግፈው ገቡ። ሠናይት መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች። እኔ ልብሴን ሸክፌ ጨርሻለሁ፤ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብና ደብተሬን በፌስታል ቋጥሬ ከመጋረጃው ኋላ ቦታዬን ይዣለሁ።

«ጋሽ ከሚል፣ ከርስዎ ጋር ጠብ የለኝም» አለች እናቴ። «ሃያ ዓመት በደስታም በኀዘንም ተለያይተን አናውቅም። ግን ይኼ ነገር አይሆንም።»

«እትዬ አሰለፈች፣ በኔስ ቤት የሚሆን ይመስልዎታል?» አሉ ጋሽ ከሚል። ድምፃቸው ተሰብሯል። «እኔም ልጄን እቆጣለሁ። ብቻ ልጅቷን አታርቋት። እዳው ለኔም ነው።»

«አይ፣ ምያለሁ። ወረቀቱ ይኸው። ይህ የተጻፈላት ልጄ ደካ ትሄዳለች ብዬ በሚካኤል ምያለሁ። አበቃ።»

 በሚካኤል ተምሎ ምን ይባላል? አባቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ከዚህ በላይ በኔ የተነሳ ሰው ሲጨነቅ ማየት አልቻልኩም። መጋረጃውን ገልጬ ፌስታሌን ይዤ ሳሎኑ መሃል ቆምኩ።

«እሄዳለሁ» አልኩ። «አትጨቃጨቁ። የደባለቅኩት እኔ ነኝ።»

መምሬ ቢሻው ናቸው መጀመሪያ አንደበታቸው የተፈታው። «ምኑን ነው የደባለቅሽው ልጄ?»

ተንበረከኩ። «ክህነትና ጫካን፣ አባ። ወረቀቱ የኔ ነው። እልፏ እኔ ነኝ።»

«እልፍ ደግሞ ምንድን ናት?»

«እርስዎ ቅዳሴ ላይ ይሏቸው የለ? እልፍ አእላፋት። ከእነሱ አንዷ ናት። ጫካ ቀርታ ነው።»

«ለምን ቀረች?»

«ዛፎቹን ማን ይጠብቃቸው?»

መምሬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና የሚያለቅሱ መሰለኝ።

እናቴ ወረቀቱን ዘረጋች። «ቆይ፣ ይኼ ዋጋ ያስከፍላል የሚለው ምንድን ነው?»

«ሁለቱን ከደባለቅሽ ጠጠሩን ሁለቴ ትጥያለሽ፤ ትንሹ ይያዝብሻል።»

«ጠጠር! ጭራሽ ጠጠር መጣል ጀመራችሁ? ጥንቆላ!»

«ጥንቆላ አይደለም እማዬ! የለምያ ቁስል መዳን አለመዳኑን ለማወቅ ነው። ሽፍታ ወግቷት በጸሎት ደሙን አቆምኩት፤ ከዚያ ቅጠል ለጠፍኩበት። አሥራ አራት ወጣልኝና ዳነች።»

«ለምያ ናት ሽፍታ የወጋት?» አሉ ጋሽ ከሚል ደንግጠው።

«በጨዋታው ነው ጋሼ። እሷ ተዋጊ ናት። ጉልበቷ አሥራ ስምንት ነው።»

«ሱብሐነላህ! አንድ ካርቶን ሳሙና አንሺ ስላት ወገቤን የምትለዋ ለምያ?»

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መምሬም ነጠላቸውን ለቀው ሳቁ፤ ጋሽ ከሚል ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «የቅዳሜውስ? ቀረሮው ሥር፣ ማንም ሳያያት የሚለው?»

«ጸልያ ሲደክማት ታርፋለች፤ ሰው ካያት ኃይሏ አይመለስም። ባሕታዊ አይደለች?»

እናቴ ወረቀቱን እንደገና አነበበችው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

መምሬ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አሰለፈች፣ የማልሽው ይህ የተጻፈላት ልጄ ብለሽ ነው። የተጻፈላት ወሰንየለሽ ሆና ተገኘች። ትሂዳ?»

«ኧረ በእግዚአብሔር አባቴ! ሕፃን ልጅ!»

«መሐላ ነዋ። በሚካኤል ነው ያልሽው።»

እናቴ ዞራ አየችኝ፤ ፌስታሌን፣ ተገልብጦ የለበስኩትን ሹራብ። «ይፍቱኝ አባቴ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ባላወቅኩት ነገር ነው የማልኩት። ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። አርባ ስትሰግጂ መሐላው ይወርዳል። ደካም የሚሄድ የለም። ወሰንየለሽም፣ ሌላም።»

ሌላም ያሉትን ያኔ አልሰማሁትም። የሰማሁት የሚሄድ የለም ያሉትን ነው። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ እኔ ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ፌስታሌ ከእጄ ወደቀ፤ እናቴ ጉያ ገብቼ ተንሰቀሰቅኩ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል አሉ፤ ወሰን የሌለሽ!» እያለች ጀርባዬን ትመታኛለች፣ ደግሞ መልሳ ትደባብሰዋለች። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና ሠናይት ዓይኗ ቲማቲም መስሎ ወጣች። ለሁሉም እጅ ልታስታጥብ ማንቆርቆሪያ አነሳች። ጋሽ ከሚል ሲታጠቡ ቀና ብለው አላዩዋትም። «እደጊ ልጄ» ብቻ አሏት።

እናቴ የጣለችው አንድ ቅጣት ነበር። «ጨዋታው ካልቀረ እዚህ ሳሎን ይሁን፤ በሩ ተከፍቶ፣ እኔ ባለሁበት።» ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚፍታህ መጽሐፉን ታቅፎ ቤታችን ይመጣ ጀመር። እናቴ ባቄላ እየፈለፈለች ታዳምጣለች፤ አልፎ አልፎም «አንተ፣ ሽፍታው እኮ ራበው ይሆናል፣ ለምን አያናግሩትም?» ብላ ትገባበታለች። እልፏን ወደደቻት ብዬ ደረቴ ተነፋ።

ሠናይት እውነቱን የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ያን ጊዜ እሷና ሚፍታህ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። «ወረቀቱን ሲጽፍልሽ እኮ ግማሹ ላንቺ ነው፣ ግማሹ ለኔ» አለችኝ። «ቀረሮው እውነተኛ ቀረሮ ነው፤ ካንቺ ጀርባ ሆኜ አንብቤዋለሁ።»  ለካ ያን እሁድ ቃል በቃል እውነት ተናግሬ፣ አራት ትልልቅ ሰው ፊት አንድ ትልቅ እውነት ሸፍኜ ወጥቻለሁ! በዚያ ላይ ተንበርክኬ!

ኑሯቸው ያለ ዋጋ አልሆነም። ጋሽ ከሚል ሠርጉ ላይ አልመጡም፤ ቤታቸውን የረገጡት ሠናይት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ነው። ሠናይት እስከ ዛሬ አትቆርብም፤ እሱም ከዘመድ የሰማውን ሰምቷል። ግን ቤታቸው ሳቅ አለበት፤ ልጆቻቸው ሁለት ዓይነት በዓል ይበላሉ፣ ወፍረዋል።

ባለፈው ጥቅምት ለጥቂት ቀን ቦንጋ ወርጄ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስለነበር አወጣሁት።

«እማዬ፣ ያኔ ስለ ወረቀቱ የነገርኩሽ... ሙሉው እንዳልሆነ ሳላውቅ ነው። ሳላውቅ አታለልኩሽ።»

እጇ አልቆመም። «ሞኝ መሰልኩሽ?»

«እንዴት?»

«ሠናይት ስታስታጥብ ውኃውን መሬት ስትደፋ አላየሁም? መምሬስ ‹ሌላም› ሲሉ ለማን መሰለሽ? ጋሽ ከሚልም ያውቃሉ፣ አባትሽም ያውቃል። ሕፃን ገብታ መውጫ ስትሰጠን ሁላችንም በዚያው ወጣን። ሳሎን አምጥቼ ያስቀመጥኩትም ልጁን ላየው ብዬ ነው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልወቅ ብዬ።»

 አንድ ጠጠር ከምስሩ ለቅማ ጣለች።

«ያን ሳምንት እህል አልበላሁም፣ ታውቂያለሽ?» አለች ቆይታ። «ከአፌ ወጣ፣ በሚካኤል ማልኩ፤ ከዚያ ልጄን ለማላውቀው ሰው አሳልፌ ልሰጥ ነው። የሚመልሰኝ ሰው እፈልግ ነበር። አባትሽ አልቻለ፣ እኔ አልቻልኩ።» ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደችው። ዓይኗ እርጥብ ነው። «አንቺ ፌስታል ይዘሽ ገባሽ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እግዜር ይስጥሽ አላልኩሽም። እግዜር ይስጥሽ።»